ዩራኒየምን ከአሸዋ ድንጋይ አሟሙቶ ማውጣት፦ ውጤቱን የሚወስኑት አጃቢ ማዕድናት

በአሁኑ ወቅት ከዓለም የዩራኒየም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ያለ ዋሻ ቁፋሮና ያለ ድንጋይ ፈለጣ ነው። ሠራተኛ ከመሬት በታች አይወርድም፤ ተራራም አይናድም። በምትኩ የሚያሟሟ ፈሳሽ በጠባብ ጉድጓዶች በኩል ወደ ከርሰ ምድር ይለቀቃል፤ ፈሳሹ በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ እየተዘዋወረ ዩራኒየሙን ያሟሟል፤ ከዚያም በሌሎች ጉድጓዶች ተስቦ ወጥቶ ዩራኒየሙ ይለይና ፈሳሹ ተመልሶ ወደ መሬት ይገባል። ዘዴው ማዕድንን ባለበት ቦታ አሟሙቶ ማውጣት ይባላል።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ዘዴ በሚመረትበት በአንድ ቶን የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ዩራኒየም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች ነው። የቀረው ሁሉ ኳርትዝ፣ ኖራ፣ ሸክላ፣ ብረት አዘል ማዕድንና የጥንት ተክሎች ቅሪት ነው። ወደ መሬት የገባው ፈሳሽም ዩራኒየሙን ብቻ መርጦ አይነካም፤ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይገናኛል። በመሆኑም ምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሚያስፈልግ፣ ሥራው ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ፣ ጉድጓዶቹ ይደፈኑ እንደሆነና ከሥራው በኋላ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ቀድሞ ይዞታው ይመለስ እንደሆነ በአብዛኛው የሚወስኑት አጃቢ ማዕድናቱ ናቸው።

ዩራኒየም በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ እንዴት ይከማቻል?

ዩራኒየም በተፈጥሮ በሁለት ዋና ዋና ይዞታዎች ይገኛል። ኦክስጅን ባለበት ውኃ ውስጥ ይሟሟና ከውኃው ጋር ይጓዛል፤ ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ደግሞ ጠጣር ሆኖ ይዘቅጣል። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የሚገኙት ክምችቶች የተፈጠሩት በዚህ ባሕርይ ምክንያት ነው።

የዝናብ ውኃ ከግራናይት ድንጋዮች እንዲሁም ከእሳተ ገሞራ አመድ ጥቂት ጥቂት ዩራኒየም እያጠበ ወደ ታች ይሰርጋል። ውኃው በሁለት የሸክላ ንጣፎች መካከል ባለ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጓዝ የበሰበሰ ተክል ቅሪት ወይም ፓይራይት የተባለውን ብረትና ድኝ አዘል ማዕድን ያገኛል። እነዚህ ነገሮች የውኃውን ኦክስጅን ይወስዱበታል። ኦክስጅኑን ያጣው ውኃ ዩራኒየሙን መሸከም ስለማይችል ማዕድኑ በአሸዋው ቅንጣቶች ላይና በመካከላቸው ባለው ክፍተት ይዘቅጣል። ሂደቱ ለብዙ ሺህና ሚሊዮን ዓመታት ሲቀጥል ከጎን ሲታይ የማጭድ ቅርጽ ያለው ክምችት ይፈጠራል።

በካዛኪስታን የቹ ሳሪሱና የሲርዳሪያ ተፋሰሶች፣ በአሜሪካ የዋዮሚንግና የቴክሳስ ግዛቶች እንዲሁም በኡዝቤኪስታንና በቻይና የሚገኙ ብዙ ክምችቶች በዚህ መንገድ የተፈጠሩ ናቸው። በውስጣቸው በብዛት የሚገኙት የዩራኒየም ማዕድናት ዩራኒናይትና ኮፊናይት ይባላሉ።

አሟሙቶ ማውጣት ማለት እንግዲህ ተፈጥሮ የሠራችውን መልሶ ማፍረስ ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ዩራኒየሙን ወደሚሟሟ ይዞታ የሚመልስ ኦክስጅን ወይም ኦክስጅንን የሚተካ ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛው የተሟሟው ዩራኒየም ተመልሶ እንዳይዘቅጥ አጅቦ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። ይህ አጃቢ ከሰልፈሪክ አሲድ የሚገኘው ሰልፌት ወይም በምግብ ሶዳ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ሊሆን ይችላል። በአሲድ የሚሠራው ዘዴ ከክምችቱ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ዩራኒየም ሊያወጣ ሲችል፣ በባይካርቦኔት የሚሠራው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያወጣል። አሲዱ ፈጣንና ውጤታማ ቢሆንም በሁሉም ቦታ መጠቀም አይቻልም፤ ከሁሉ በፊት የሚያግደው ኖራ ነው።

ኖራ፦ አሲዱን የሚበላው ማዕድን

በአሲድ የተጠቃ ማሳውን ለማከም ኖራ የሚበትን አርሶ አደር ይህን ኬሚስትሪ በተግባር ያውቀዋል። ኖራው የአፈሩን አሲድ ያረክሳል፤ ሰብሉም ያገግማል። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለው ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን፣ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነገር ነው። ልዩነቱ በማሳ ላይ የሚፈለገው ውጤት በማዕድን ሥራ ኪሳራ መሆኑ ነው።

ስሌቱ ግልጽ ነው። 100 ኪሎ ግራም ካልሳይት 98 ኪሎ ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ይጨርሳል። ለምሳሌ በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ግራም ዩራኒየም አለ እንበል። ድንጋዩ 0.5 በመቶ፣ ማለትም 5 ኪሎ ግራም ካልሳይት ካለውና ካልሳይቱ በሙሉ ከአሲዱ ጋር ከተዋሐደ፣ 4.9 ኪሎ ግራም አሲድ ለኖራው ብቻ ይውላል። ዩራኒየሙ ሙሉ በሙሉ ወጣ ቢባል እንኳ ይህ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ዩራኒየም 10 ኪሎ ግራም ያህል አሲድ ማለት ነው። ካልሳይቱ 2 በመቶ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 39 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ 5 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 98 ኪሎ ግራም ያሻቅባል። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች የካርቦኔት መጠኑ ከ2 በመቶ ገደማ ሲያልፍ በአሲድ መሥራት አዋጭ እንደማይሆን ይገምታሉ።

ጉዳቱ በአሲዱ ብክነት ብቻ አያበቃም። ካልሳይት ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲዋሐድ ለግንባታ የምናውቀውን የጄሶ ማዕድን ይፈጥራል። 37 ሊትር ቦታ ይይዝ የነበረ ካልሳይት ወደ ጄሶ ሲለወጥ 74 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ እጥፍ ቦታ የሚይዘው ጄሶ የፈሳሹን መተላለፊያና የጉድጓዱን ወንፊት ይደፍናል። ከዚሁ ጋር የሚፈጠረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋም በክፍተቶቹ ውስጥ ተቀርቅሮ ፍሰቱን ሊገታ ይችላል። ፈሳሹ ያልደረሰበት ድንጋይ ዩራኒየሙን እንደያዘ ይቀራል።

በአሜሪካ ዋዮሚንግ፣ ነብራስካና ቴክሳስ የሚገኙ ማዕድን ማውጫዎች በአሲድ ፈንታ ባይካርቦኔትንና ኦክስጅንን የሚጠቀሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በእነዚህ አካባቢዎች የአሸዋ ድንጋዩ በርከት ያለ ካርቦኔት ይዟል፤ ባይካርቦኔት ደግሞ ከኖራ ጋር አይጣላም። በቻይና ሶንግሊያኦ ተፋሰስም ኦክስጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ መሬት በማስገባት ይሠራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከድንጋዩ ኖራ ጥቂቱን አሟሙቶ የሚፈለገውን ባይካርቦኔት እዚያው ያስገኛል። በአሲድ ሥራ ጠላት የነበረው ማዕድን በዚህ ዘዴ ረዳት ይሆናል።

ፓይራይት፦ ኦክስጅኑን የሚሻማው

ፓይራይት ዩራኒየሙ በመጀመሪያ እንዲዘቅጥ ካደረጉት ማዕድናት አንዱ ነው። ማዕድኑ ሲወጣም የሚገባውን ኦክስጅን ይሻማል። አንድ ኪሎ ግራም ፓይራይት ሙሉ በሙሉ ሲዋሐድ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይጨርሳል። አንድ ኪሎ ግራም ዩራኒየምን ወደሚሟሟ ይዞታ ለመመለስ ግን የሚያስፈልገው ወደ 67 ግራም ብቻ ነው። ይህም ማለት ፓይራይቱ በክብደት እኩል ከሆነ ዩራኒየም 15 እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይወስዳል። እንደ ዕድል ሆኖ ሁሉም ፓይራይት በአንድ ጊዜ አይዋሐድም፤ ደቃቁ ቶሎ ሲዋሐድ ትልልቁ ይዘገያል። ስለዚህ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የቅንጣቱን ስፋትም ማወቅ ያስፈልጋል።

የፓይራይት ሚና እንደ ፈሳሹ ዓይነት ይለያያል። በባይካርቦኔት ሲሠራ ከፓይራይቱ የሚወጣው ብረት እንደ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል፤ መተላለፊያውንም ሊያጠብ ይችላል። በአሲድ ሲሠራ ግን የተሟሟው ብረት ራሱ ዩራኒየሙን ወደሚሟሟ ይዞታ የሚለውጥ ኃይል ያገኛል። በካዛኪስታን ብዙ ማውጫዎች ተጨማሪ ኦክስጅን ሳያስገቡ የሚሠሩት አሲዱ ከድንጋዩ የሚያሟሟው ብረት ይህን ተግባር ስለሚፈጽምላቸው ነው።

ፓይራይት ሌላም ነገር በውስጡ ይደብቃል። አርሴኒክና ሴሌኒየም ብዙውን ጊዜ ከእርሱ ጋር ተጣብቀው ይገኛሉ። ፓይራይቱ ሲፈርስ እነርሱም ወደ ውኃው ይገባሉ። ከሥራው በኋላ የከርሰ ምድር ውኃን ማጽዳት አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሸክላ፦ የሚያብጠውና የሚይዘው

በክረምት አብጦ በበጋ የሚሰነጣጠቀውን የዋልካ መሬት የሚያርስ ገበሬ የሸክላን ባሕርይ ጠንቅቆ ያውቃል። የዋልካ አፈርን እንዲህ የሚያደርገው ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ቤተሰብ ነው። ይህ ማዕድን በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ በትንሽ መጠን ሲገኝም ያብጣል፤ በተለይ በሶዲየም የበለጸገ ፈሳሽ ሲያገኘው ያብጥና ይበታተናል፤ ደቃቁም ተጠራቅሞ መተላለፊያውን ይዘጋል። ካኦሊናይት የተባለው ሌላው የሸክላ ዓይነት እምብዛም ስለማያብጥ ችግሩ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በምርመራ ወቅት ሸክላ መኖሩን ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ የትኛው ሸክላ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ሸክላ ንጥረ ነገሮችን በገጹ ላይ የመያዝ ባሕርይም አለው። ለአዝርዕት ማዳበሪያን ይዞ የሚያቆየው ይህ ባሕርይ በማዕድን ሥራ ጣጣ አምጥቷል። በ1970ዎቹ በቴክሳስ አንዳንድ ማውጫዎች አሞኒየም የያዘ ፈሳሽ ተጠቅመው ነበር። አሞኒየሙ በሸክላው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ ቢያልፍበትም ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ ውኃውን ማጽዳት አዳጋች አደረገው። ኢንዱስትሪው ቆየት ብሎ አሞኒየምን ትቶ ወደ ሶዲየም ባይካርቦኔት እንዲሁም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ዞሯል።

ሸክላ ጥቅምም አለው። ከአሸዋ ድንጋዩ በላይና በታች የተነጠፉት ወፍራም የሸክላ ንብርብሮች ፈሳሹ ወደ ሌላ የውኃ ንጣፍ እንዳይሻገር ያግዳሉ። ንብርብሩ ከሳሳ፣ ከተቆራረጠ ወይም ቀድሞ በተቆፈሩና በአግባቡ ባልተደፈኑ ጉድጓዶች ከተበሳ ግን ጥበቃው ይጓደላል።

የተክል ቅሪትና የዩራኒየሙ ማዕድን ዓይነት

ከጥንት ዛፎች የቀረው ከሰል መሰል ቅሪት ዩራኒየምን አጥብቆ ይይዛል፤ ከሚገባው ፈሳሽም ኦክስጅን ይወስዳል። አንዳንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ የተሟሟ ዩራኒየም ጥቂት ሜትሮች ሄዶ የተክል ቅሪት ሲያጋጥመው ተመልሶ ይዘቅጣል። ቅሪት የበዛበት ክምችት በወረቀት ላይ ሀብታም ቢመስልም ፈሳሹ የሚያወጣው ጥቂት ሊሆን ይችላል።

የዩራኒየሙ ማዕድን ራሱም ልዩነት ያመጣል። ዩራኒናይትና ኮፊናይት ኦክስጅን ካገኙ በአንጻራዊነት በቀላሉ ይሟሟሉ። ዩራኒየምና ቫናዲየም የያዘው ቢጫው ካርኖታይት አስቀድሞ በሚሟሟው ይዞታ ላይ ስለሆነ ተጨማሪ ኦክስጅን አይፈልግም። ዩራኒየሙ ከቲታኒየም፣ ከዚርኮኒየም ወይም ከፎስፌት ጋር ተሳስሮ ሲገኝ ግን ይበልጥ ጠንካራ አሲድና ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ጠንካራ አሲድ ደግሞ ዩራኒየሙን ብቻ ሳይሆን ሸክላውንና ሌሎቹንም አጃቢዎች ያፈርሳል።

አሲድና ማዳበሪያ በአንድ ገበያ

የእነዚህ ማዕድናት ድምር ውጤት በአሲድ ፍጆታ ላይ በግልጽ ይታያል። በካዛኪስታን ለአንድ ኪሎ ግራም ዩራኒየም የሚውለው አሲድ በአማካይ 40 ኪሎ ግራም አካባቢ እንደሆነ ሲገመት፣ በአውስትራሊያው የቤቨርሊ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ8 ኪሎ ግራም በታች ነበር። የአሠራር ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ የድንጋዩ ይዘት ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ነው።

ካዛኪስታን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ቀዳሚዋ የዩራኒየም አምራች ናት፤ ድርሻዋም ከዓለም ምርት ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ምርቷ የሚገኘው በአሲድ በማሟሟት ነው። መንግሥታዊው ኩባንያ ካዛቶምፕሮም እ.ኤ.አ. በ2024 ለቀጣዩ ዓመት ይዞት የነበረውን ከ30,500 እስከ 31,500 ቶን የሚደርስ የምርት ዕቅድ ወደ 25,000 እስከ 26,500 ቶን ዝቅ አድርጓል። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የሰልፈሪክ አሲድ አቅርቦት ነበር።

ይህ አሲድ ለአርሶ አደርም ሩቅ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚመረተው ሰልፈሪክ አሲድ ከፍተኛው ድርሻ የሚውለው እንደ ዳፕና ኤንፒኤስ ያሉ የፎስፌት ማዳበሪያዎችን ለማምረት ነው። የዩራኒየም ማውጫና የማዳበሪያ ፋብሪካ ለአንድ ግብዓት ይወዳደራሉ ማለት ነው።

ከሥራው በኋላ የውኃው ዕጣ

የዘዴው ትልቁ ጥያቄ የሚነሣው ምርቱ ሲያበቃ ነው። ዩራኒየም የያዘው የአሸዋ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ውኃ አዘል ንጣፍ ነው። በክምችቱ አጠገብ ያለው ውኃ ቀድሞውንም ዩራኒየምና ራዲየም ሊኖርበት ይችላል፤ ማሟሟቱ ግን መጠናቸውን ብዙ እጥፍ ያሳድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የዩራኒየም ጣሪያ በአንድ ሊትር 30 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከዚህ በላይ ሲሆን የሚፈራው በተለይ በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

በአሜሪካ በዚህ ዘዴ ለመሥራት፣ ክምችቱ ያለበት የውኃ ንጣፍ ክፍል ለመጠጥ እንደማይውል በአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ከምርት በኋላም ኩባንያዎች ውኃውን የማጽዳት ግዴታ አለባቸው። በዚህ ረገድ ያልተነካ ፓይራይትና የተክል ቅሪት ከማውጫው በታችኛው አቅጣጫ ካለ የሚያመልጠውን ዩራኒየም ዳግም ሊያዘቅጠው ይችላል። ኖራ የያዘ ድንጋይም የሚያመልጠውን አሲድ ያረክሳል። ምርቱን ያስቸገሩት ማዕድናት ከምርት በኋላ ጠባቂዎች ይሆናሉ። በሌሉበት ግን ብክለቱ ርቆ ይጓዛል።

በቼክ ሪፐብሊክ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው ስትራዥ ፖድ ራልስከም የከፋው ውጤት ምሳሌ ናት። በዚያ አሲድ የማስገባቱ ሥራ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1996 የቀጠለ ሲሆን፣ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ወደ መሬት ገብቷል። አሲዱን የሚያረክስ በቂ ኖራ ስላልነበረ ፈሳሹ አሲድነቱን እንደያዘ ቆየ፤ ከሸክላና ከሌሎች ማዕድናትም ብዙ አልሙኒየም አሟሟ። ከተበከለው ንጣፍ በላይ ለመጠጥ የሚያገለግል ሌላ የውኃ ንጣፍ አለ። የማጽዳቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀምሮ እስከ ዛሬ አላበቃም። ማጽዳቱ ከምርት ዘመኑ ጋር የሚቀራረብ ጊዜ ወስዷል።

በአፍሪካም ጉዳዩ በናሚቢያ በተግባር ተነሥቷል። በምሥራቅ ናሚቢያ በሌናርድቪል አካባቢ በሩሲያው ሮሳቶም ሥር ያለ ኩባንያ በዚህ ዘዴ ዩራኒየም ለማውጣት ፍለጋ አካሂዷል። ክምችቱ ያለው ናሚቢያ፣ ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ በሚጋሩት የስታምፕሪት የከርሰ ምድር ውኃ ንጣፍ ውስጥ ነው። አካባቢው ደረቅ በመሆኑ አርብቶ አደሮችና ነዋሪዎች ለራሳቸውም ለከብቶቻቸውም የሚተማመኑት በዚህ ውኃ ነው። የናሚቢያ የግብርናና የውኃ ሚኒስቴር የፈቃድ ግዴታዎች አልተከበሩም በማለት እ.ኤ.አ. በ2021 የቁፋሮ ፈቃዶችን ሰርዟል። ኩባንያው ዘዴው ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ሲል ይከራከራል፤ የአካባቢው ገበሬዎች ደግሞ ውኃው አንዴ ከተበላሸ የሚተካው የለም ይላሉ።

አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥያቄዎች

ማዕድናቱን አስቀድሞ ማወቅ የሚቻል ነገር ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው የድንጋይ ናሙና በማይክሮስኮፕና በኤክስሬይ ይመረመራል፤ በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ ፈሳሽ እየፈሰሰበት ባሕርዩ ይጠናል፤ ቀጥሎም በጥቂት ጉድጓዶች የመስክ ሙከራ ይደረጋል። ዘዴው የሚታቀድበት አካባቢ ነዋሪ፣ አስተዳደርና የውኃ ባለሙያም ከፈቃድ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላል።

- በድንጋዩ ውስጥ ስንት በመቶ ካርቦኔት አለ? የተመረጠው ፈሳሽስ ከዚያ ጋር ይስማማል?
- የሸክላው ዓይነት ምንድን ነው? ከላይና ከታች ያለው የሸክላ ንብርብር ያልተቋረጠ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?
- ፓይራይቱ አርሴኒክና ሴሌኒየም ይዟል? ምን ያህል?
- የቆዩ ጉድጓዶች አሉ? በአግባቡ ተደፍነዋል?
- ሥራው ከመጀመሩ በፊት የውኃው ይዘት ተለክቶ ተመዝግቧል?
- ንጣፉን አሁን የሚጠጣው ማን ነው? የማጽዳቱን ወጪ የሚሸፍን ገንዘብስ አስቀድሞ ተይዟል?

ከእነዚህ ውስጥ የውኃው የመነሻ ልኬት ልዩ ክብደት አለው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ውኃው ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር መልሶ መለካት አይቻልም፤ ልኬቱ ከሌለ ጉዳት ደርሷል የሚለው ነዋሪም፣ አልደረሰም የሚለው ኩባንያም የሚያመሳክሩበት ማስረጃ አይኖራቸውም።